ለቪ8ቷ ትልቅ ጎማ ይሻላታል? መጀመሪያ ኮቴዋን እንለካ

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ የአጎቴ ልጅ ከሆሳዕና ደወለልኝ። ደቡብ አፍሪካ ለዓመታት ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። ከሀዲያና ከከምባታ እንደ እሱ ወደ ጆሃንስበርግ የሄዱ ብዙ ናቸው፤ ሆሳዕና ውስጥ ከምታዩዋቸው ሕንፃዎች ጥቂት የማይባሉት እነሱ በላኩት ገንዘብ የቆሙ ናቸው። ሰላምታውን በወጉ ሳይጨርስ፣ «ስሚኝማ» አለኝ፤ «ለቪ8ቷ 35 ኢንች ጎማ ላስገባላት ነው። እዚያ እያለሁ የማየው ሁሉ እንደዚያ ነበር። አንቺ ኢንጂነር አይደለሽ እንዴ? ይሻላል አይደል?»

ሐሳቡ ከየት እንደመጣበት አውቃለሁ። ከሳምንት በፊት ለለቅሶ ወደ ሶሮ ገጠር ስንሄድ መኪናዋ ተቀርቅራ ነበር፤ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድበት ያደረ ቀይ ጭቃ ነው። አራቱም ጎማ ይሽከረከራል፣ መኪናዋ ግን ወደፊት መሄዱን ትታ ወደ ጎን ትንሸራተታለች። በዚያ መሃል ጎማው ቀጫጭን የሆነ አንድ አሮጌ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ከኋላችን መጥቶ በጎናችን አለፈ። ሹፌሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ራቅ ብለው አቆሙና ወርደው አዩን፤ «ልጆች፣ ንፋስ አውጡለት እንጂ» አሉ። ጎማዎቹ ሆዳቸው እስኪነፋ ድረስ ንፋስ አወጣን፣ ከሥራቸው የባሕር ዛፍ ቅጠል አነጠፍን፣ መኪናዋም ወጣች።

እኔ አፈርኩ። የምማረው ሜካኒካል ምህንድስና ነው፣ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን እየሠራሁ ነው፣ ግን ንፋሱ ትዝ አላለኝም። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ከዚያው ቀን ሌላ ትምህርት ይዞ ተመለሰ፦ ጎማዋ ትንሽ ስለሆነች ነው የተቀረቀርነው!

እውነት ትንሽ ስለሆነች ነው? እስቲ አብረን እናስላው። ከ10ኛ ክፍል ፊዚክስ በላይ አያስፈልገንም።

በጎማው ጎን ላይ ምን ተጽፏል?

አገሩ ሁሉ «ቪ8» የሚለው ቶዮታ ላንድክሩዘር 200ን ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቶ በ2021 በላንድክሩዘር 300 ተተካ። ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚታሰርለት ጎማ ላይ 285/60 አር 18 የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ይህ እንደ መታወቂያ ነው፤ ማንበብ ከቻላችሁ የጎማውን ቁመት ሜትር ሳትይዙ ታውቁታላችሁ።

285 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 60 ደግሞ የጎማው ጎን ከፍታ ከስፋቱ 60 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 285 በ0.60 ሲባዛ 171 ሚሊ ሜትር። 18ቱ የቸርኬው ቁመት በኢንች ነው፤ ወደ ሚሊ ሜትር ሲለወጥ 457። ጎማው ከቸርኬው በላይም በታችም ጎን ስላለው 171ን ሁለት ጊዜ እንደምራለን፦ 171 + 457 + 171 = 799 ሚሊ ሜትር፤ በኢንች 31.5። «አር» የሚለው ፊደል የጎማው ውስጥ ክሮች የተዘረጉበትን መንገድ የሚናገር ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው የመኪና ጎማ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህ ፊደል አለው።

አሁን በዚሁ ሂሳብ የአጎቴ ልጅ ሊመርጣቸው የሚችላቸውን እናወዳድር፦

- 285/60 አር 18 (የፋብሪካው)፦ ቁመት 799 ሚሊ ሜትር
- 285/65 አር 18፦ ቁመት 828 ሚሊ ሜትር፣ ጭማሪው 3.6 በመቶ
- 275/70 አር 18፦ ቁመት 842 ሚሊ ሜትር፣ ጭማሪው 5.4 በመቶ
- 35 ኢንች፦ ቁመት 889 ሚሊ ሜትር፣ ጭማሪው 11 በመቶ ገደማ

በእውነት የምናገኘው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ትርፍ ከመሬት መራቅ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መኪናዋ የተሸከመችው በጎማው እምብርት ላይ ነው። ስለዚህ ጎማው 90 ሚሊ ሜትር ቢረዝም፣ ግማሹ ከእምብርቱ በላይ፣ ግማሹ ከእምብርቱ በታች ይሆናል። መኪናዋን የሚያነሳት የታችኛው ግማሽ ብቻ ነው። 35 ኢንቹ የሚያነሳት 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከክብሪት ሳጥን ርዝመት ትንሽ ያንሳል። 285/65ቱ ደግሞ 14 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል።

«ታዲያ ሞላዋን አስረዝሞ ማስነሳት አይቀልም?» ትሉ ይሆናል። ሞላ ሲረዝም ገላዋ ከፍ ይላል። የኋላው ዲፈረንሻል ግን ከሁለቱ ጎማዎች ጋር በአንድ ጠንካራ አክስል የታሰረ ስለሆነ ያለበት ይቀራል። ድንጋይ የሚመታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነው። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። ስለዚህ የትልቅ ጎማ ወዳጆች ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አንልም።

ሁለተኛው ትርፍ ጉድጓድ ማለፍ ነው። ሆሳዕና መንገድ ላይ ባጃጅና ላንድክሩዘር አንድ ጉድጓድ ሲያልፉ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የባጃጅ ጎማ ቁመት የላንድክሩዘሩ ግማሽ ገደማ ስለሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ዘው ይላል፤ ትልቁ ጎማ ግን ከአፉ ብዙም ሳይወርድ ይሻገራል። ይህም እውነት ነው። ሆኖም ከባጃጅ ወደ ላንድክሩዘር ያለው ልዩነት እጥፍ ነው፤ ከ31.5 ወደ 35 ያለው ግን 11 በመቶ ብቻ። ትርፉም እንደዚያው ትንሽ ነው።

የማይታየው ዕዳ

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። የጎማውን ዋጋ ማለቴ አይደለም፤ ለጎሚስታው ከከፈላችሁ በኋላ ሁልጊዜ የምትከፍሉትን ነው።

ጎማ ማርሽ ነው። ሞተሩ አክስሉን የሚጠመዝዝበት ኃይል መሬት ላይ ሲደርስ ለጎማው ሬዲየስ ይካፈላል። ሬዲየሱ 11 በመቶ ሲጨምር መሬቱን የሚገፋው ኃይል 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ብስክሌት የነዳችሁ ይገባችኋል፤ ሳታውቁት ከባድ ማርሽ ላይ እንደመቀየር ነው። አሥር ሰው ሲገፋው ከነበረ መኪና አንዱ ጥሎ ሄደ በሉት።

በዚያ ላይ ሆሳዕና 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር የሚተነፍሰው አየር ሲቀንስ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ባለ ቱርቦው ናፍጣ ይህን አብዛኛውን ያካክሰዋል፤ የአጎቴ ልጅ መኪና ግን ቤንዚን ነው። ደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ላይ 35 ኢንች ጎማ እየነዳ የሚደሰት ሰው ያለውን ጉልበት እሱ ሀገር ቤት አያገኘውም።

ክብደትም አለ። ወፍራም ጥርስ ያለው 35 ኢንች ጎማ ከተለመደው የአስፋልት ጎማ በአንድ ጎማ ከ10 ኪሎ በላይ ሊበልጥ ይችላል። የሚሽከረከር ክብደት ደግሞ ተራ ክብደት አይደለም። ጎማው ጠርዝ ላይ ያለ አንድ ኪሎ መኪናዋ ፍጥነት ስትጨምር ወደፊትም መሄድ፣ መሽከርከርም አለበት፤ ስለዚህ እስከ ሁለት ኪሎ ድረስ ይቆጠራል። በአራት ጎማ 40 ኪሎ ከጨመራችሁ፣ ለማፋጠንና ለማቆም አንድ አዋቂ ሰው ተጨማሪ የጫናችሁ ያህል ነው።

ዳሽቦርዱ ሲዋሽ

እኔን በጣም ያሳሰበኝ ግን ይሄኛው ነው።

መኪናዋ ፍጥነቷን የምታውቀው መንገዱን አይታ አይደለም። የጎማዋን ዙር ቆጥራ ነው። የፋብሪካው ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2.51 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ማለት 398 ዙር ነው። (ክብደቱ ጎማውን ትንሽ ስለሚያጎብጠው ትክክለኛው ቁጥር በጥቂቱ ይለያል፤ ንጽጽሩን ግን አይለውጠውም።) 35 ኢንቹ በአንድ ዙር 2.79 ሜትር ይሄዳል፤ ኪሎ ሜትሩን በ358 ዙር ይጨርሰዋል። መኪናዋ ይህን አታውቅም። አሁንም 398 እስክትቆጥር ትጠብቃለች።

ውጤቱ ምን መሰላችሁ? ከአዲስ አበባ በቡታጅራ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳሽቦርዱ 207 አካባቢ ይላችኋል። «መኪናዬ ነዳጅ መብላት ጀመረች» የሚሉ ሰዎች ከፊሉን ምክንያት እዚህ ያገኙታል፤ የሄዱት መንገድ አንሶ ስለተቆጠረ ነው። ይሄ እንኳ ቀላል ነው። ዋናው፣ ዳሽቦርዱ 80 ሲል እናንተ በ89 እየሄዳችሁ ነው።

በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪዎች ደንብ ቁጥር 39 መሠረት የፍጥነት ማሳያ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ማሳየት የለበትም። ለዚህም ፋብሪካዎች ማሳያውን ትንሽ ከፍ አድርገው ያስተካክሉታል። ትልቅ ጎማ መጀመሪያ ያንን የጥንቃቄ ትርፍ ይበላዋል፤ ከዚያ አልፎ ወደ ውሸት ይገባል።

9 ኪሎ ሜትር ትንሽ ትመስላለች። ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። 89 ለ80 ሲካፈል 1.11፣ ካሬው 1.24። ማለትም በ80 እየሄድኩ ነው ብሎ የሚያስብ ሹፌር ከሚገምተው 24 በመቶ የበለጠ ጉልበት ተሸክሟል። ያንን ሁሉ ወደ ሙቀት ቀይሮ ማስቀረት ያለበት ፍሬኑ ነው። ፍሬኑ ደግሞ እንደ ሞተሩ ነው፤ ጎማው ሲረዝም በዚያው የእግር ግፊት መሬት ላይ የሚያደርሰው የማቆሚያ ኃይል 10 በመቶ ይቀንሳል። ዕዳው ከሁለት በኩል መጣ ማለት ነው።

በገበያ ቀን ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ ወይም ወደ ሺንሺቾ የሚወስደውን መንገድ ያየ ሰው ይህ የወረቀት ሂሳብ እንዳልሆነ ይገባዋል። በመንገዱ ዳር ልጆች፣ አህዮች፣ ሸክም ያዘሉ እናቶች ይሄዳሉ።

ቁልቁለቱንም አስቡት። ከሶሮና ከጎምቦራ ከፍታ ወደ ኦሞ ጊቤ ሸለቆ የሚወርድ፣ ከነተሳፋሪው 2,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቢወርድ፣ ማስወገድ ያለበት ጉልበት 27 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህ 90 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል፤ አራት ተኩል ቢጫ ጀሪካን! ጥሩ ሹፌር ከባድ ማርሽ አስገብቶ ከፊሉን ሞተሩ እንዲይዘው ያደርጋል። ጎማው ሲረዝም ግን የሞተሩ የመያዝ አቅምም 10 በመቶ ስለሚቀንስ ቀሪው ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ የሚሸታችሁ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ከዚህ ነው የሚመጣው።

እሺ፣ ጭቃውስ?

የአጎቴ ልጅ ጥያቄ የተነሳው ከጭቃ ስለሆነ ወደዚያው እንመለስ። በፊዚክስ መጽሐፋችሁ ስለ ኤሌክትሪክ ቻርጅ ስትማሩ የምታገኙት ፈረንሳዊው ኩሎምብ መሐንዲስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1773 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጥናት የአፈር ጥንካሬ ከሁለት ነገር እንደሚመጣ አስረዳ። አንደኛው የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ የሚጣበቁበት ኃይል ነው። ሁለተኛው ከላይ ሲጫናቸው የሚፈጠረው ፍትጊያ ነው።

ወደ ጎማ ስናመጣው እንዲህ ይሆናል። ጎማ ሳይንሸራተት ሊገፋ የሚችለው ኃይል የአፈሩ መጣበቅ በጎማው ኮቴ ስፋት ተባዝቶ፣ ሲደመር ከክብደቱ የሚመጣው ፍትጊያ ነው። ኮቴ የምለው ጎማው መሬት የሚነካበትን ቦታ ነው።

ደረቅ ጠጠር ላይ ሥራውን የሚሠራው ፍትጊያው ነው፤ ክብደት ይረዳል። ውሃ የጠገበ የሸክላ አፈር፣ እንደ ሶሮ ቀይ ጭቃ ወይም እንደ ዋልካ፣ ፍትጊያው ወደ ዜሮ ይጠጋል። የሚቀረው መጣበቁ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በክብደት አይጨምርም፤ በኮቴ ስፋት ነው የሚጨምረው። ጭቃ ውስጥ የሚያስፈልጋችሁ ሰፊ ኮቴ ነው ማለት ነው።

የኮቴውን ስፋት የሚወስነውስ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው የሚገርመው። ክብደቱን የሚሸከመው በዋናነት ውስጥ ያለው ንፋስ ስለሆነ፣ የኮቴው ስፋት ከሞላ ጎደል ክብደቱ ለንፋሱ ግፊት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በሂሳቡ ውስጥ የጎማው ቁመት የለም!

እናስላ። 2,800 ኪሎ ለአራት ጎማ ሲካፈል 700 ኪሎ። በ2.3 ባር፣ ማለትም በ33 ፒ ኤስ አይ፣ የአንዱ ጎማ ኮቴ 300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የኤ4 ወረቀት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ያ ሁሉ መኪና የቆመው ሁለት ወረቀት በማይሞላ መሬት ላይ ነው። ግፊቱን ወደ 1.4 ባር፣ ማለትም ወደ 20 ፒ ኤስ አይ ብታወርዱት ኮቴው 490 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከ60 በመቶ በላይ ጨመረ፤ አንድ ብር ሳይወጣ።

ይህ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? ለምሳሌ የጭቃው መጣበቅ በካሬ ሜትር 20,000 ኒውተን ነው እንበል። በ2.3 ባር አራቱ ጎማዎች ተደምረው የሚገፉት 2,400 ኒውተን ገደማ ነው። በ1.4 ባር 3,900። መኪናዋ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ ካለች፣ ወደ ኋላ የሚጎትታት የራሷ ክብደት ብቻ 2,700 ኒውተን ነው። በመጀመሪያው ትቀረቀራለች፣ በሁለተኛው ትወጣለች። እርግጥ እውነተኛ ጭቃ ከዚህ ይወሳሰባል፤ ጎማው ሲሰምጥ ተጨማሪ ተቃውሞ አለ። ግን ሰፊ ኮቴ መስመጡንም ይቀንሰዋል። እኒያ ሹፌር «ንፋስ አውጡለት» ሲሉ የኩሎምብን ቀመር በሦስት ደቂቃ ፈትተውልን ነበር።

ለትልቁ ጎማ ፍትሐዊ እንሁን፦ ትልቅ ጎማ ብዙ ንፋስ ስለሚይዝ ያንኑ ክብደት በዝቅተኛ ግፊት መሸከም ይችላል። ጥቅሙ ግን የሚገኘው ንፋሱን ስታወርዱ ነው። 35 ኢንች ጎማ አስገብቶ በ2.3 ባር ጭቃ የሚገባ ሰው ጥቅሙን ሳይነካው ዕዳውን ብቻ ይከፍላል።

አደራ፣ ያወጣችሁትን ንፋስ አስፋልት ከመድረሳችሁ በፊት መልሱ። ንፋሱ የቀነሰ ጎማ ጎኑ በየዙሩ ስለሚታጠፍ ይሞቃል፤ በፍጥነት ከነዳችሁት ሊፈነዳ ይችላል። በወረደ ንፋስ ቀስ ብሎ መንዳትና መሪን በኃይል አለመጠምዘዝ ነው። ከመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕረሰርና የግፊት መለኪያ መያዝ ያስፈልጋል።

ቀጭኑ ሃርድቶፕ ለምን አለፈን?

እዚህ ላይ ጎበዝ አንባቢ ይጠይቀኛል፦ «ሰፊ ኮቴ ነው የሚረዳው ካልሽ፣ ጎማው ቀጭን የሆነው ሃርድቶፕ እንዴት አለፈ?»

አህያና ግመልን አስቡ። ግመል በሰፊ እግሯ አሸዋው ላይ ትንሳፈፋለች። አህያ በቀጭን ኮቴዋ ጭቃውን ወግታ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ትረግጣለች። የሀዲያና የከምባታ ፒስታ መንገዶች ብዙዎቹ ከላይ ጭቃ ይልበሱ እንጂ ከሥር ጠጠር ወይም የተጠቀጠቀ አፈር አላቸው። እንዲህ ባለው ቦታ ቀጭን ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ታች ይደርሳል። ሥር የሌለው ጥልቅ ጭቃ ላይ፣ ለምሳሌ በታረሰ ማሳ፣ ሰፊው ያሸንፋል።

የእኛ ቪ8 ሁለቱንም አልነበረችም፦ እንዳትሰነጥቅ ጎማዋ ሰፊ ነው፣ እንዳትንሳፈፍ በንፋስ ተወጥሯል። ቁመት የሁለቱ መኪናዎች ልዩነት አልነበረም። ሃርድቶፑ ላይ የተለመደው 7.50 አር 16 ጎማ ቁመቱ ከቪ8ቷ ጋር ይቀራረባል።

ጥርሱን ተመልከቱ

ከቁመትም ከስፋትም በላይ በዓይን የሚታየው ልዩነት የጎማው ጥርስ ነው። ሦስት ዓይነት አለ።

ኤች ቲ የሚባለው ለአስፋልት ነው። ጥርሱ ጥቃቅን፣ ክፍተቱ ጠባብ ነው። ሸክላ ጭቃ ሲያገኘው ክፍተቱ በአንድ ዙር ይሞላና ጎማው ሊሾ ይሆናል። እኛን የገጠመን ይህ ነው።

ኤም ቲ ለጭቃ ነው። ጥርሱ ትልልቅ፣ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ሲሽከረከር የያዘውን ጭቃ ይተፋል። ግን እርጥብ አስፋልት ላይ የሚነካው ላስቲክ ትንሽ ስለሆነ ለማቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል፤ ይጮሃል፤ ነዳጅም ይበላል።

ኤ ቲ መሃል ላይ ያለው ነው። ከቡታጅራ እስከ ሆሳዕና አስፋልት፣ ከዚያ ወደ ገጠሩ ፒስታ ለሚሄድ መኪና የሚስማማው እሱ ነው።

እና ምን አልኩት?

«35ቱን ተወው። 285/65 ኤ ቲ ግዛ፣ ከተረፈህ ብር ኮምፕረሰር ጨምርበት» አልኩት። ቁመቱ የሚጨምረው 3.6 በመቶ ስለሆነ ዳሽቦርዱ 80 ሲል እውነቱ 83 ነው። የማርሹም የፍሬኑም ለውጥ እንደዚያው ትንሽ ነው። ጭቃውን የሚይዙለት ጥርሱና ንፋሱ ናቸው።

ጎማ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ለምትሄዱ ወይም አባታችሁን ለምትመክሩ፣ እነዚህን ተመልከቱ፦

- የጭነት ቁጥር። ከጎማው መጠን ቀጥሎ 116 የሚል ካያችሁ አንዱ ጎማ እስከ 1,250 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ከፋብሪካው ቁጥር በታች አትውረዱ።
- የፍጥነት ፊደል። ከጭነት ቁጥሩ ጎን ትገኛለች። ኪው 160፣ ቲ 190፣ ቪ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው።
- የልደት ቀን። በአራት አሃዝ የተጻፈ ነው፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ያልተነዳ ጎማም ቆሞ ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል።
- የመሪ ፈተና። ጎማው ከታሰረ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩት። ፓራፋንጎውን የሚነካ ከሆነ አይሆንም።
- ስኮርታው። ቪ8 ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የምትነዳ መኪና ናት። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ በቁመት ከተለየ በመሃል ያለው ዲፈረንሻል ልዩነቱን ለማካካስ ያለ እረፍት ይሠራል። ስለዚህ አምስት እኩል ጎማ ግዙ፤ አምስተኛው ከመኪናዋ ሥር መግባቱንም ለኩ።

የአጎቴ ልጅ አልተደሰተም። «ጎረቤት ምን ይላል? ምንም የተለወጠ አይመስልም እኮ» አለኝ። ግን ገዛ። መስከረም ላይ ለያሆዴ በዓል ወደዚያው መንደር ስንሄድ መንገዱ አሁንም ጭቃ ነበር። ዳገቱ ሥር አቆመ፣ ወርዶ ከአራቱም ጎማ ንፋስ አወጣ፣ በመለኪያው ደግሞ ደጋግሞ አየ። ወጣን። አንድ ቦታ ላይ ተንሸራተን ልቤ ደንግጦ ነበር፤ ግን ወጣን። ስንመለስ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሆኖ ንፋስ ሲሞላ ሩብ ሰዓት ያህል ቆምን። ልጆች ከበው ኮምፕረሰሩን ያያሉ፣ እሱ ስለ ኮቴ ስፋት ያስረዳቸዋል።

እናንተም ላንድክሩዘር ሳይኖራችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የብስክሌት ጎማ ላይ ከሰል ቀቡ፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አድርጉ፣ አንድ ሰው ይቀመጥበት። በወረቀቱ ላይ የቀረውን ኮቴ ለኩ። ከዚያ ንፋሱን ቀንሳችሁ በሌላ ወረቀት ድገሙት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸውና ግፊቱ ሲቀንስ ኮቴው ምን ያህል እንደሰፋ በራሳችሁ እጅ አስሉ።